ሰበቡን ከምክንያቱ መለየት፦ የጦርነት ዜናን ለሚመረምር የንባብ ቡድን

ሰበብና ምክንያት በአማርኛ ሁለት ቃላት ናቸው። ሰበቡ ክብሪቱ ነው፤ ምክንያቱ ጭዱን ያከማቸውና ያደረቀው ነገር። የጦርነት ዜና ግን አብዛኛውን ጊዜ ክብሪቱን ያሳየንና "የጦርነቱ ምክንያት" ብሎ ይጠራዋል። አንባቢው ያንኑ ይዞ ለጎረቤቱ ይነግራል፣ ለልጁ ያወርሳል። መፍትሔ ሲፈለግም የሚፈለገው ለክብሪቱ ይሆንና ጭዱ እዚያው ተከምሮ ይቀራል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ የሩቅ ወሬ ሆኖ አያውቅም። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ሕወሓት ደሴን ያዝኩ አለ፤ መንግሥት ደግሞ ከተማዋ አልተያዘችም አለ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ሁለቱንም ከተሞች መልሼ ተቆጣጠርኩ እስካለበት ድረስ ስማቸው በዓለም ዜና ላይ ይመላለስ ነበር። የሚጠሩት ታዲያ "ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ስልታዊ ከተሞች" እየተባሉ ነው። ቀስት የተሰመረበት ካርታ ወታደሩ በየት በኩል እንደሚመጣ ያሳያል። ለምን እንደመጣ ለማወቅ ከካርታው ሥር ያለውን ጽሑፍ እስክሪብቶ ይዞ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ መመሪያ የዚያ ምርመራ አሠራር ነው።

ምን ያስፈልጋል

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ከስምንት ከበለጠ ግማሹ አዳማጭ ብቻ ይሆናል። አራት ጊዜ ተገናኙ፣ በየጊዜው ለሁለት ሰዓት። ለአንድ ጦርነት 12 ዜናዎች አዘጋጁ፤ እያንዳንዱን በሁለት ቅጂ ኮፒ ቤት አሠሩ፣ በድምሩ 24 ቅጂ ማለት ነው። ባለ አራት ቀለም እስክሪብቶ፣ በአግድሙ የሚያዝ ኤ4 ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ የኢትዮጵያና የፈረንጆች ቀን ጎን ለጎን ያለበት የቀን መቁጠሪያ ያዙ። ስልክ ላይ ማንበብ አይመከርም። መብራትና ኔትወርክ የሚቆራረጥ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን ስልክ ላይ ጣት ወደ ታች እየሳበ ስለሚሄድ ዓይን የመጨረሻዎቹን አንቀጾች አያያቸውም። የጦርነቱ የኋላ ታሪክ የሚደበቀው ደግሞ እዚያው መጨረሻ ላይ ነው።

12ቱን ዜናዎች ከአራት ምንጮች በሦስት ጊዜ ውሰዱ። ከምንጮቹ አንዱ የአንደኛው ተፋላሚ ወገን መገናኛ ብዙኃን፣ ሁለተኛው የሌላኛው ወገን፣ ሦስተኛው ከጎረቤት አገር ወይም ከቀጣናው፣ አራተኛው ዓለም አቀፍ ይሁን። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ስለሆነ ለቆዩ ጦርነቶች ይጠቅማል፤ ቢቢሲ አማርኛ ከ2017 ወዲህ ላሉት። ሦስቱ ጊዜያት የመጀመሪያው ሳምንት፣ ሦስተኛው ወርና ከአንድ ዓመት በኋላ ያለው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ዜና ምክንያት አይነግርም ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ጋዜጠኛው የሞተውን ሰው እየቆጠረ ነው። በዓመቱ ያው ዜና ያንኑ ሰበብ የሚደግም ከሆነ ግን ያኔ ጥያቄ አለ።

አንድ ጥብቅ ምክር አለን፦ በራሳችሁ ጦርነት አትጀምሩ። መጀመሪያ ዳርፉርን ወይም ሩዋንዳን ሥሩ፣ ቀጥሎ ባድመን፣ የሰሜኑን ጦርነት ለመጨረሻው ስብሰባ አቆዩት። ቤቱ የተዘረፈበት፣ ወንድሙ የቀረበት ሰው በቡድኑ ውስጥ ይኖራል። ገና አሠራሩ ሳይለመድ ቁስል ላይ ሲገባ ዓይን የሚያየው የሌላውን ወገን ዜና ጉድለት ብቻ ነው። በሩቅ ጦርነት ላይ የሠለጠነ እጅ ቅርቡንም በዚያው ሚዛን ይመዝናል።

ቀኑን አስተካክሉ

ከንባብ በፊት በእያንዳንዱ ቅጂ ራስጌ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ይህን የዘለለ ቡድን በሁለተኛው ስብሰባ ይጠፋል። ለምሳሌ "1994" የሚል ቁጥር ብቻ ቢጻፍ በፈረንጆች የሩዋንዳ ዘር ማጥፋት ዓመት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን ያሳወቀበት፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1994። አንዳንድ ተርጓሚ ዜናውን ሲተረጉም ዓመቱን ሳይቀይር ወሩን ብቻ ይቀይራል፣ "ኅዳር 2020" የሚል ነገር ይወጣል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ የፈረንጆቹ ቀጣይ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ካለው ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 2012ና 2016 እንደዚያ ነበሩ። በዚያን ጊዜ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ማለት እስከ የካቲት 21 ድረስ ያሉት ቀናት በአንድ ይሸሻሉ። የአንድ ቀን ስህተት ትንሽ ትመስላለች፤ ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለው ክርክር ግን የሚወሰነው በአንድ ሌሊት ነው።

በቀለም ማስመር

አሁን እያንዳንዱ ዜና ለሁለት ሰዎች ይሰጣል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ያሰምራሉ። ለመጀመሪያው ዜና 20 ደቂቃ ስጡ፣ በኋላ 10 ይበቃል።

በቀይ፣ ምክንያት አመልካች ቃላትን። "ሳቢያ"፣ "የተነሳ"፣ "ምክንያት"፣ "ስለ"፣ እና ከሁሉም በላይ "ተከትሎ"። "ተከትሎ" የአማርኛ ዜና እጅግ የሚወዳት ቃል ናት። ቅደም ተከተልን ትናገራለች፣ ምክንያትን ግን ታስመስላለች። "የምርጫውን መራዘም ተከትሎ ጦርነት ተቀሰቀሰ" ሲባል ጸሐፊው መራዘሙ ጦርነቱን አመጣ አላለም፤ አንባቢው ግን እንደዚያ ሰምቷል፣ ጸሐፊውም አይጠየቅም። እያንዳንዷን "ተከትሎ" አክብቡና በህዳጉ ላይ "በኋላ ነው ወይስ በዚያ የተነሳ?" ብላችሁ ጻፉ።

በሰማያዊ፣ ባለቤት የሌላቸውን ግሶች፦ ተቀሰቀሰ፣ ተፈጠረ፣ ተከሰተ፣ ተፈናቀሉ፣ ተገደሉ፣ ተገለጸ። በጥቁር፣ ተናጋሪውንና የንግግሩን ግስ። "አሉ" እና "ተናገሩ" ንግግሩን ለተናጋሪው ይተዉለታል። "ገለጹ" ትንሽ ወደ እውነት ያዘነብላል። "አረጋገጡ" የአንድን ወገን አባባል የተጣራ ሐቅ ያደርገዋል፤ ያጣራ ሰው ግን በዜናው ውስጥ የለም። "ይነገራል" እና "ተብሏል" ደግሞ ተናጋሪውን ጨርሶ ይሰውሩታል። በአረንጓዴ፣ ጸሐፊው ለሰዎችና ለድርጊቶች የሰጣቸውን ስሞች፦ ግጭት፣ ጦርነት፣ ወረራ፣ ሕግ ማስከበር፣ ታጣቂ፣ አማፂ፣ ጎሳ፣ ብሔር።

ለልምምድ እኛ ያዘጋጀነው፣ ከየትኛውም መገናኛ ብዙኃን ያልተወሰደ አንቀጽ ይኸውና፦

"በአካባቢው በተፈጠረ አለመግባባት ሳቢያ ግጭት መቀስቀሱን ተከትሎ በርካታ ነዋሪዎች መፈናቀላቸው ተገለጸ። በሁለቱ ማኅበረሰቦች መካከል ለዘመናት የቆየ የግጦሽ መሬት ይገባኛል ጥያቄ መኖሩ ይነገራል። የጸጥታ አካላት ሁኔታውን በቁጥጥር ሥር ማዋላቸውን አረጋግጠዋል።"

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጆሯችን ስለለመደው ያለ እንቅፋት ያልፋል። ስታሰምሩት ግን ገጹ በሰማያዊ ይሞላል። አለመግባባቱ "ተፈጠረ"፣ ማን እንደፈጠረው የለም። ግጭቱ "ተቀሰቀሰ"፣ የቀሰቀሰው የለም። ነዋሪዎቹ "ተፈናቀሉ"፣ ያፈናቀላቸው የለም። በአንቀጹ ውስጥ በስማቸው ተጠርተው አንድ ነገር ያደረጉት የጸጥታ አካላት ብቻ ናቸው፤ ያደረጉትም መልካም ነገር ነው፣ መስካሪዎቹም ራሳቸው ናቸው። ጥልቁ ምክንያት ተብሎ የቀረበው "ለዘመናት የቆየ" ጥያቄ ነው፤ ተናጋሪው "ይነገራል"። ዘመናት የቆየ ነገር በዚህ ሳምንት ለምን ፈነዳ? አንቀጹ አልጠየቀም።

ቀጥሎ የሚሠራው ዋናው ልምምድ ይህ ነው። እያንዳንዱን ሰማያዊ ግስ ወደ አድራጊ ግስ ቀይሩና የማታውቁትን በባዶ መስመር ተዉት፦ "______ ቀን ______ የተባለው አካል ______ ሄክታር የግጦሽ መሬት ለ______ ስለሰጠ ______ ቀበሌ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ ______ ተኮሰ።" ባዶዎቹ ዜናው ያልመለሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ቁጠሯቸው። በአንድ አንቀጽ ከአራት በላይ ባዶ ከወጣ ዜናው ስለ ምክንያት ምንም አልተናገረም፣ ቃሉን ብቻ ተጠቅሟል።

ሠንጠረዡ

ኤ4ውን በአግድሙ አድርጋችሁ ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ ምንጭ፣ የተጠቀሰው ምክንያት በራሱ ቃል፣ ማን አለው፣ ዓይነቱ፣ ስንተኛው አንቀጽ። "በራሱ ቃል" ላይ እንጠነክራለን። በራሳችሁ ቃል ካሳጠራችሁት የራሳችሁን ፍርድ ትጽፉና በኋላ የዜናው ይመስላችኋል።

"ዓይነቱ" በሚለው ሥር አራት ምልክት ብቻ ይገባል። "ሰ" ለሰበብ ነው፣ በቀን ወይም በሳምንት የሚለካ ድርጊት። "ቅ" ለቅርብ ምክንያት፣ ከወራት እስከ ጥቂት ዓመታት ያሉ ውሳኔዎች። "ሥ" ለሥር ምክንያት፣ መሬትን፣ ሥልጣንን፣ ዜግነትን፣ ንግድን የሚያከፋፍል የቆየ ሥርዓት። "አ" ለአስቻይ ሁኔታ፣ ማለት ጦርነት ባያመጣም ጦርነትን የሚያቀልል፦ የመሣሪያ መስፋፋት፣ የጎረቤት አገር ድጋፍ፣ የመገናኛ መቋረጥ። ምንም ምክንያት ከሌለ ዜሮ ጻፉ፤ ዜሮም መረጃ ነው። አምስተኛ ምልክት መጨመር ያምራችኋል፣ አትጨምሩ፤ ምልክት በበዛ ቁጥር ሁለት አንባቢ አይስማማም።

ስትጨርሱ የሁለቱን አንባቢዎች ሠንጠረዥ አስተያዩ። ከ12ቱ ዜናዎች ቢያንስ በ10ሩ ላይ ዋናውን ምልክት አንድ ዓይነት ከሰጡ ቀጥሉ። 8 ወይም 9 ከሆነ የተለያዩበትን ዜና ጮክ ብላችሁ አንብቡና ምልክቱን እንደገና ተርጉሙ። ከ8 በታች ከሆነ ሥራው ገና ነው፣ ሁለቱን ሰዎች ቀይራችሁ ድገሙት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣላው በ"ሥ" እና በ"አ" መካከል ያለው ድንበር ነው።

የዜናው የመጀመሪያ ቀን

ከዜና ወኪሎች በሚመጣ ዘገባ መጨረሻ ላይ አንድ ቋሚ አንቀጽ አለ፤ ከሳምንት ሳምንት ሳይለወጥ ይደገማል። ጦርነቱ መቼና እንዴት እንደጀመረ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። በዚያ አንቀጽ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ቀን ፈልጉና በሠንጠረዡ ቀኝ ራስጌ ላይ በትልቁ ጻፉት። ፍርዱ የተሰጠው እዚያ ቀን ላይ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ይህን ከማንኛውም ምሳሌ በላይ ያሳያል። ታሪኩን ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት የሚጀምር ዜና ስለ ሰሜን ዕዝ መጠቃት ያወራል። ከጳጉሜ 4 ቀን 2012 የሚጀምር ትግራይ ውስጥ ስለተካሄደው ክልላዊ ምርጫ። ከመጋቢት 22 ቀን 2012 የሚጀምር የምርጫ ቦርድ በኮሮና ምክንያት ምርጫውን በወቅቱ ማካሄድ አልችልም ስላለበት ውሳኔ። ከኅዳር 2012 የሚጀምር ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት ሕወሓት ውጭ ስለመቅረቱ። ከመጋቢት 2010 የሚጀምር ስለ ሥልጣን ሽግግሩ። ወደ 1984ና ወደ ክልሎች አከላለል የሚወርድ ደግሞ ስለ ወልቃይትና ራያ። ከእነዚህ ቀናት አንዱም ሐሰት አይደለም። እያንዳንዱ ግን የተለየ ተጠያቂ ይዞ ይመጣል፤ የመጀመሪያ ቀኑን የመረጠ ጸሐፊ ተጠያቂውንም መርጧል፣ ሳያውቀውም ቢሆን። ስለዚህ ቡድኑ ስድስቱንም ቀናት በአንድ መስመር ላይ ይደርድርና 12ቱ ዜናዎች ከየትኛው እንደሚነሱ በነጥብ ያመልክት። ነጥቦቹ አንድ ቀን ላይ ተከምረው ካያችሁ ያነበባችሁት 12 ዜና ሳይሆን 12 ጊዜ የተባዛ አንድ አንቀጽ ነው።

አራት ፈተናዎች

አንድ ዜና ወይም ትንታኔ "የጦርነቱ ሥር ይህ ነው" ሲል በአራት ጥያቄ ፈትኑት።

ለምን አሁን? ስለ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 በተሠራው ብዙ ዘገባ ውስጥ "የቆየ የጎሳ ጥላቻ" የሚል ሐረግ ተመላልሷል። ጥላቻው ጥንታዊ ከሆነ ለምን በዚያ ዓመት? ይህን ጥያቄ የጠየቀ አንባቢ የሚከተሉትን ያገኛል፦ የቤልጂየም አስተዳደር በ1930ዎቹ ሰውን ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ ብሎ በመታወቂያ ላይ መዘገበ፤ በ1989 የቡና ዋጋ ወደቀ፤ በኦክቶበር 1990 የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ከኡጋንዳ ገብቶ ጦርነት ከፈተ፤ በኦገስት 1993 አሩሻ ላይ ሥልጣን የሚያጋራ ስምምነት ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ጥላቻ የሚያሰራጨው ሬዲዮ ሥራ ጀመረ፤ ኤፕሪል 6 ቀን 1994 የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ። የመጨረሻው ሰበብ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው ቀንና ወሳኝ ሰው ያላቸው ናቸው። "ጥንታዊ ጥላቻ" የሚለው ሐረግ ግን ማንንም አይከስም፤ ለዚህ ነው በዚያ ጊዜ ጣልቃ ላለመግባት የፈለገ ሁሉ የተመቸው።

ከምክንያቱ እስከ ጥይቱ ማን ምን ወሰነ? ይህንንም እዚያው ሩዋንዳ ላይ ማየት ይቻላል። በመታወቂያው ላይ የተጻፈው ቃል ብቻውን ሰው አልገደለም። ኬላ ተተከለ፣ ኬላው ላይ መታወቂያ ተጠየቀ፣ ቃሉ ተነበበ። በወረቀቱና በሞቱ መካከል ያሉትን ሰዎችና ትእዛዞች መጥራት ያልቻለ ትንታኔ ስለ ምክንያት አልተናገረም።

ለምን እዚህ? በጁን 2007 የወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን በዋሽንግተን ፖስት ላይ የዳርፉር ግጭት በከፊል ከአየር ንብረት ለውጥ የመነጨ የተፈጥሮ ሀብት ቀውስ ሆኖ እንደጀመረ ጻፉ። ድርቁ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1984-85ቱ ድርቅ ዳርፉርን ክፉኛ መትቷል። ግን ያው ድርቅ ከሳህል ዳር እስከ ዳር ነበር፣ እንደ ዳርፉር ያለ ጦርነት የተነሳው ሁሉም ጋ አይደለም። ዳርፉር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 የሱዳኑ የኒሜሪ መንግሥት መሬትና ግጦሽ የሚዳኘውን የባህላዊ አስተዳደር አፍርሶ ነበር፤ በ1994 ግዛቱ ለሦስት ተከፈለ፤ በ2003 አማፅያን አል ፋሽር አውሮፕላን ማረፊያን ሲመቱ መንግሥት ታጣቂዎችን አስታጥቆ በመንደሮች ላይ አዘመተ። ድርቁ በ"አ" ይመዘገባል። "ዐረብና አፍሪካዊ" የሚለው ሌላው የዘገባ ቅርጽም በዚሁ ጥያቄ ይፈተን፤ ሁለቱም ወገን ሙስሊም ነው፣ በብዙ ቦታም ለትውልዶች ተጋብቷል።

ይህ ምክንያት ከሆነ መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ ተሞክሮስ ሠራ? እዚህ ላይ ባድመ ይምጣ። ግንቦት 1990 የተጀመረው ጦርነት በዓለም ዜና "የድንበር ጦርነት" ተባለ፤ ለማይጠቅም ደረቅ መሬት በአሥር ሺዎች አለቁ ተባለ። ምክንያቱ መስመር ከሆነ መድኃኒቱም መስመር ማስመር ነው። በታኅሣሥ 1993 የአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ፣ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ሚያዝያ 1994 ባድመ በውሳኔው ለኤርትራ ሆነች። ሰላም ግን አልመጣም፤ የሁለቱ መሪዎች አዋጅ የተፈረመው ሐምሌ 2 ቀን 2010፣ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። መድኃኒቱ ተሰጥቶ ሕመሙ ካልለቀቀ ምርመራው ጎዶሎ ነበር ማለት ነው። ኤርትራ በ1990 መጀመሪያ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ ማሳተሟ፣ ከዚያ በኋላ በድንበር ንግዱ ላይ የመጣው ለውጥ፣ የአሰብ ወደብ አጠቃቀም፣ በትጥቅ ትግል ዘመን በሁለቱ ግንባሮች መካከል የቆየው ቅራኔ በአብዛኛው ዜና ውስጥ በ12ኛው አንቀጽ ነበሩ፣ ካሉም።

የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪው ሮበርት ኤንትማን እ.ኤ.አ. በ1993 ያስቀመጡት ሐሳብ ከዚህ ጋር ይሄዳል፦ አንድ የዘገባ ቅርጽ ችግሩን ይሰይማል፣ ምክንያቱን ይጠቁማል፣ ይፈርዳል፣ መፍትሔ ያዛል። አራቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ስለዚህ መፍትሔው ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ማንበብ ምክንያቱን ያጋልጣል። ሱዳን ላይ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የፈነዳው ጦርነት "የሁለት ጄኔራሎች ፀብ" ከተባለ መፍትሔው ሁለቱን ማስታረቅ ነው። ከጄኔራሎቹ አንዱ የሚመሩት ፈጣን ድጋፍ ሰጪው ኃይል እ.ኤ.አ. በ2013 በመንግሥት መቋቋሙ፣ ወርቁ፣ የሠራዊቱ ኩባንያዎች፣ ኃይሉ ወደ ሠራዊቱ በሁለት ዓመት ይቀላቀል ወይስ በአሥር የሚለው ክርክር ከጠረጴዛው ይወርዳል። ምሥራቅ ኮንጎም "የማዕድን ጦርነት" ሲባል እ.ኤ.አ. የ1981ዱ የዜግነት ሕግና የመሬት ጥያቄው እንዲሁ ይወድቃል።

ወሎ ላይ የሚደረግ ልምምድ

ለደሴ አንባቢ አንድ ቃል ብቻ ወስዶ መመርመር ብዙ ያስተምራል። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲያወራ "የ77 ድርቅ" ይላል፣ ሌላው "የ77 ረሃብ" ይላል። ድርቅ የሰማይ ነው። ረሃብ የገበያ፣ የመንገድ፣ የመንግሥት፣ የጦርነት ጭምር ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው ምስል ዓለምን አስለቅሶ እህል አምጥቷል፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ተርፏል፣ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ነገር ግን ዘገባው የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን መቅሠፍት የሚመስል ቅርጽ ነበረው። በትግራይና በሰሜን ወሎ ይካሄድ የነበረው ጦርነት፣ የእህል እንቅስቃሴ መገደቡና በሰፈራ የተወሰደው ሕዝብ ጉዳይ ወደ ኋላ ቀረ። ኮረም በዚያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች፤ ከ1984 በኋላ በትግራይ ክልል ተካተተች፤ ዛሬ ስለ ራያ በሚወጣ ዜና ሁሉ ስሟ ይነሳል። አንዲት ከተማ በሁለት ዘመን ዜና ውስጥ፣ አንዴ የተፈጥሮ ቁጣ ማሳያ፣ አንዴ የድንበር ጥያቄ ማሳያ። ሁለቱን ዘገባ ጎን ለጎን አስቀምጡና በሠንጠረዡ መዝግቡ።

ሌላም አለ። "ወሎ የመቻቻል ተምሳሌት" የሚለው አባባል የምንወደው ነው፣ እውነትነትም አለው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት የሚኖርበት አገር ነው። ሆኖም ይህም የዘገባ ቅርጽ ነው። የወሎ ጎረቤት በሆነው ሰሜን ሸዋ ያለችው አጣዬና አካባቢዋ በ2013 ሲነድዱ ይህን አባባል ብቻ ይዞ የሄደ ዘጋቢ "ሰላማዊው አካባቢ በድንገት" ብሎ ከመጻፍ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ሙገሳም እንደ ስድብ ሁሉ ምክንያትን ሊጋርድ ይችላል።

የሚበላሸው የት ነው

ትልቁ ስህተት የሥር ምክንያት ስግብግብነት ነው። አንዴ ወደ ኋላ መሄድ የጀመረ ሰው መቆሚያ ያጣል፤ ከ1983 ወደ 1966፣ ከዚያ ወደ ምኒልክ፣ ከዚያ ወደ ግራኝ ዘመን። መቆሚያው ሁለተኛው ፈተና ነው፦ ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬው ጥይት ድረስ ያለውን የውሳኔ ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት መጥራት ካልቻላችሁ፣ የጠራችሁት እስከቻላችሁበት ድረስ ብቻ ነው የሚመዘገበው።

ሁለተኛው ከቋንቋችን ይመጣል። በአማርኛ "ምክንያት ሰጠ" ማለት ሰበብ ደረደረ፣ ራሱን አነጻ ማለትም ነው። ስለዚህ አንድ አባል የጦርነቱን ሥር ሲያብራራ ሌላው ገዳዩን የሚከላከል ይመስለዋል፣ ጠብ ይነሳል። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ "እዚህ ምክንያት መመርመር ጥፋተኛን ነጻ ማውጣት አይደለም።" ግፍን ለመመዝገብ ሌላ ሰነድ አለ፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2014 ያወጡት የጋራ ሪፖርት ሁሉም ተፋላሚዎች ጥሰት መፈጸማቸውን አስፍሯል። እሱን ለብቻው አንብቡት።

ሦስተኛው የትርጉም ጉዳት ነው። ከውጭ ቋንቋ በችኮላ በሚተረጎም ዜና ላይ በመጀመሪያ የምትወድቀው "እንደ እገሌ አባባል" የምትለዋ ሐረግ ናት። ክሱ ሐቅ ሆኖ ይወጣል። የምትችሉ ከሆነ ከ12ቱ ሁለቱን ከምንጫቸው ጋር አስተያዩ። "ጎሳ"፣ "ብሔር" እና "ዘር" ደግሞ ለአንድ የውጭ ቃል ሦስት ትርጉም ሆነው ይመጣሉ፤ ተርጓሚው ለሩዋንዳ "ጎሳ"፣ ለእኛ "ብሔር" ካለ ሳያስበው ደረጃ አውጥቷል። በአረንጓዴ አክብቡት።

በሐዘን ላይ ያለ አባል በመካከል ታሪኩን መናገር ቢጀምር አታቋርጡት። ሠንጠረዡን ዝጉና ስሙት፤ ለዚያ ከየስብሰባው መጨረሻ 20 ደቂቃ አስቀድማችሁ አስቀሩ። የሰማችሁትን ግን በሠንጠረዡ ውስጥ አታስገቡ፣ ስሙንም የትም አትጻፉ። ያልተጣራ ነገር በቴሌግራም አታሰራጩ፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 በሥራ ላይ ነው፣ ከሕጉም በላይ አንድ የተሳሳተ ስም የሰው ቤት ያስነድዳል።

ለዝግጅት ክፍሉ መጻፍ

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ከ12ቱ አንዱን መርጣችሁ ለአዘጋጁ ደብዳቤ ላኩ። ከ120 ቃል አይብለጥ፤ ረጅም ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ከነቀኑ ጥቀሱ። ቀጥሎ የጎደለውን አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ "መሬቱ ለማን፣ መቼ፣ በማን ውሳኔ እንደተሰጠ አልተገለጸም።" ከዚያ ሊያገኝበት የሚችለውን ሰነድ ጠቁሙ፤ አዋጅ፣ የምክር ቤት ውሳኔ፣ የሰብአዊ መብት ሪፖርት። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ፦ "በሚቀጥለው ዘገባችሁ የኋላ ታሪኩ አንቀጽ ላይ ይህን ብትጨምሩት።" ወገንተኛ ናችሁ አትበሉ። እንዲህ የተባለ አዘጋጅ ደብዳቤውን ይዘጋዋል፤ ስለ አንድ የጎደለ ቀን የተጠየቀ ግን ቀኑን ለመፈለግ ቢያንስ መዝገብ ይከፍታል።

የተሞሉትን ወረቀቶች በጦርነቱ ስም ለይታችሁ በፖስታ አድርጉ፣ በላዩ የመጀመሪያ ቀኖቹን ዝርዝር ለጥፉ። በዓመቱ በዚያው ሳምንት ከየምንጩ አንድ አዲስ ዜና፣ በድምሩ አራት፣ ጨምሩና የኋላ ታሪኩ አንቀጽ ከተመሳሳይ ቀን ይነሳ እንደሆነ አስተያዩ።